ያልተሠራ ክፍል ብርሃን
የመታጠቢያ ቤትን በኮምፒዩተር አስመስሎ ስለ መሣል በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




«ማየት ማመን ነው» ይላል ያገር ሰው። ይህ አነጋገር በወጣበት ዘመን በዓይን የሚታየው ሁሉ አስቀድሞ የተሠራና በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት፣ ግድግዳው ያልቆመ ክፍል፣ ውሃ ያልፈሰሰበት ገንዳ በኮምፒዩተር ተሥሎ፣ ፎቶግራፍ መስሎ ለገዥው ይቀርባል። ገዥውም ያየውን አምኖ የዓመታት ቁጠባውን ይከፍላል። እንግዲህ ይህ ሥዕል የሚያገለግለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ገና ስላልተወለደ ክፍል የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ከምስክርም እውነት ይጠበቃል። የዚህ ንግግር ዓላማ ሥዕሉን እውነተኛ የሚያስመስለው ጥበብና ሥዕሉን እውነተኛ የሚያደርገው ኅሊና በአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን፣ ይኸውም ሥር የብርሃን ሒሳብ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ መታጠቢያ ቤት ለአብነት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ4 ካሬ ሜትር ስፋት ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ ክሮም የተቀባ ቧንቧ፣ የፊት መስተዋት፣ የሻወር መስተዋት ከለላ፣ እምነ በረድ፣ ውሃና ፎጣ ጎን ለጎን ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ብርሃንን የሚቀበሉበትና የሚመልሱበት ጠባይ የተለያየ ነው። ሳሎን ቢሆን ምንጣፉና መጋረጃው የተመልካቹን ዓይን ያዘናጉታል፤ መታጠቢያ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ ነጭ በነጭ ላይ የተደረበበት ጠባብ ክፍል በመሆኑ የብርሃን ስሕተት የሚሸሸግበት ጥግ የለውም። ከዚህም በላይ ሰው ሁሉ በየማለዳው ፊቱን የሚታጠብበት ክፍል ነውና፣ ተመልካቹ ስሕተቱን በስሙ ሊጠራው ባይችል እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ወዲያው ይሰማዋል።

ጥበቡ ረጅም የትውልድ ሐረግ አለው። ዮሐን ሃይንሪሕ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ባሳተመው መጽሐፍ የማያብረቀርቅ ገጽ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው የሚበትንበትን ሕግ አስፍሯል። ፈረንሳዊው ኦጉስታን ፍሬኔል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ የሚያንጸባርቀው የብርሃን መጠን እንደ ማዕዘኑ የሚለዋወጥበትን ስሌት አወጣ። የኮምፒዩተር ዘመን ከገባ በኋላ ኤድዊን ካትመል እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሥዕልን በጎባጣ ገጽ ላይ መለጠፍ እንደሚቻል አሳየ፤ ቴክስቸር የሚባለው አሠራር ከዚህ ይነሣል። ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1978 የገጹን ቅርጽ ሳይለውጡ ጐርበጥባጣ ማስመሰልን ጨመረበት። ተርነር ዊትድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ጨረር ከመስተዋት ወደ መስተዋት ሲነጥር የሚከተሉበትን መንገድ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ለጠባብና ነጭ ክፍል ትልቁ እርምጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዚያ ዓመት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንዱ ጎኑ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነ ባዶ ሣጥን በኮምፒዩተር ሥለው፣ የግድግዳው ቀለም በብርሃን ተሸክሞ ወደ ነጩ ገጽ እንዴት እንደሚፈስ በስሌት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚደነቅ ነው። ሣጥኑን በእውን ሠርተው፣ እውነተኛውንና የተሣለውን ጎን ለጎን አድርገው ለተመልካቾች አቀረቡ። በዚያው ዓመት ጄምስ ካጂያ የብርሃንን ጉዞ ሁሉ በአንድ እኩልታ ጠቀለለው። ዛሬ በየቢሮው ያሉት ፕሮግራሞች በአብዛኛው ከዚህ እኩልታ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ይህ ሙያ ገና በልጅነቱ ራሱን የፈተነው በሥዕሉ ውበት ሳይሆን ሥዕሉን ከተሠራው ነገር አጠገብ በማቆም እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል።

የካጂያ እኩልታ በቃል ሲነገር አያስፈራም። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ነጥቡ ራሱ የሚያመነጨውና ከየአቅጣጫው ተቀብሎ የሚመልሰው ድምር ነው፤ ያ የተቀበለውም ከሌላ ነጥብ የመጣ ነው፤ ሌላውም እንዲሁ። ነጋዴ ገቢና ወጪውን እንደሚያመዛዝን ሁሉ የብርሃን ሒሳብም መመዛዘን አለበት። ማንኛውም ገጽ ከተቀበለው በላይ ሊመልስ አይችልም።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የአንድ ዝግ ክፍል ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ሁሉም ከሚደርስባቸው ብርሃን 80 በመቶውን የሚመልሱ ናቸው ይባል። መብራቱ በቀጥታ የሚሰጠው ብርሃን 100 ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ንጥረት በኋላ 80፣ ከሁለተኛው በኋላ 64፣ ከሦስተኛው በኋላ 51፣ ከአራተኛው በኋላ 41 ይቀራል። ይህ እስከ መጨረሻው ቢደመር ገጾቹ የሚያገኙት ብርሃን 500 ይሆናል፤ ማለትም መብራቱ በቀጥታ ከሰጠው 5 እጥፍ ነው። ፕሮግራሙ ከአራተኛው ንጥረት በኋላ እንዲያቆም ከታዘዘ ግን ድምሩ 336 ላይ ይቆማል፤ ከሚገባው ብርሃን ሲሶው ያህል ጠፋ ማለት ነው። ጀማሪው ሠዓሊ ክፍሉ እንደጨለመ ሲያይ የጎደለውን ንጥረት ከመጨመር ይልቅ አምፖልም መስኮትም የሌለው ሐሰተኛ መብራት አየር ላይ ይሰቅላል። ክፍሉ ይበራል፤ ነገር ግን ጥላዎቹ ከገንዳው ሥርና ከመደርደሪያው በታች ምንጫቸው በማይታወቅ አቅጣጫ ይወድቃሉ። ተመልካቹን የሚያስጠረጥረው ይህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሴራሚኩ ነጭ ነው ተብሎ ቀለሙ እስከ መጨረሻው ነጭነት ሲገፋ ገጹ የተቀበለውን 100 በመቶ እንዲመልስ ታዘዘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በምድር ላይ የለም። ጥሩ ነጭ የግድግዳ ቀለም እንኳ የሚመልሰው 80 በመቶ ግድም ነው። ብርሃኑ የማይሞትበት ክፍል ማዕዘኖቹ ሁሉ ታጥበው፣ ጉም የሞላበት ይመስላል።

ከዚሁ ሒሳብ ለነዳፊው አንድ ትምህርት ይገኛል። በዚያው ክፍል በነጩ ሴራሚክ ፈንታ 20 በመቶ ብቻ የሚመልስ ጥቁር ሴራሚክ ቢለጠፍ የብርሃኑ ድምር ከ500 ወደ 125 ይወርዳል። መብራቱ ሳይለወጥ ክፍሉ በ4 እጥፍ ጨለመ። እርግጥ እውነተኛ ክፍል በርና መስኮት ስላለው፣ ገጾቹም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሩ ይለያያል፤ ዝንባሌው ግን ያው ነው። ባለቤቱ ጥቁር ሴራሚክ በሥዕል ላይ አይቶ ሲወድ ምን እንደሚከፍልበት ሊነግረው የሚችለው ሒሳቡ የተጠበቀ ሥዕል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ ምንጭ መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም በታኅሣሥ ወር ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ስታጋድል፣ በሰኔ ወር ደግሞ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታጋድላለች። በሰሜን አውሮፓ የሚሠራ ሠዓሊ በሰሜን ግድግዳ መስኮት የቀትር ፀሐይ አስገብቶ ቢሥል ስሕተት ይሆንበታል፤ በአዲስ አበባ ግን በሰኔ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በአንጻሩም በፕሮግራሙ ውስጥ የተቀመጠውን የሌላ አገር ኬክሮስ ሳይለውጥ የሚሠራ ባለሙያ ለአዲስ አበባ ቤት የባዕድ አገር ዝቅተኛ ፀሐይ ያበራለታል። በመስኮቱ ገብቶ ወለሉን አቋርጦ የሚዘረጋው ያ ወርቃማ ጨረር ያማረ ነው፤ ችግሩ ቤቱ ሲሠራ በተባለው ሰዓት አለመምጣቱ ነው።

ፀሐይ በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት የጥላዋ ጠርዝ እንደ ምላጭ የተሳለ አይሆንም። ከመስኮቱ ጠርዝ 2 ሜትር ርቆ በሚወድቅ ጥላ ላይ የመደብዘዣው ወርድ 2 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህች ትንሽ ልስላሴ ስትጎድል ሥዕሉ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ሰማዩም ራሱን የቻለ መብራት ነው። ፖል ዴቤቬክ እ.ኤ.አ. በ1998 እውነተኛ ቦታ በሰፊ የብርሃን ልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለተሣለ ዕቃ መብራት ሊሆን እንደሚችል ካሳየ ወዲህ የሰማይ ፎቶግራፍን እንደ መብራት መጠቀም የተለመደ ሆኗል። ይሁንና ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰማይ ቤቱ ከሚሠራበት ሰማይ ጋር መመሳሰሉን መጠየቅ ተገቢ ነው። የክረምት ደመናና የጥቅምት ጥርት ያለ ሰማይ ለአንዲት ጠባብ መስኮት የሚሰጡት ብርሃን እጅግ የተራራቀ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ አምፖል ነው። 800 ሉመን የሚሰጥ ኤል ኢ ዲ አምፖል የቀድሞውን 60 ዋት አምፖል ይተካል። ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚሰጠው 2,700 ኬልቪን ሲሆን፣ ነጣ ያለው የቀን ብርሃን ወደ 6,500 ኬልቪን ይጠጋል። ባለሙያው እነዚህን ቁጥሮች ከአምፖሉ ካርቶን ላይ አንብቦ ወደ ፕሮግራሙ ሊያስገባቸው ይችላል። አምፖሉም መጠን ሊኖረው ይገባል፤ በአንዲት ነጥብ የተመሰለ መብራት የሚጥለው ጥላ ጠርዙ ጨርሶ አይደበዝዝም። በጣሪያው መካከል ብቻውን የተሰቀለ አምፖል በመስተዋቱ ፊት የሚቆመውን ሰው ዓይን ሥር በጥላ ይሞላዋል፤ በመስተዋቱ ግራና ቀኝ ሁለት መብራት ቢደረግ ግን ፊቱ እኩል ይበራል። ይህን ጉድለት ሥዕሉ ላይ አይቶ በእርሳስ ማረም ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ሽቦ ለመቅበር ከመቆፈር እጅግ ይረክሳል።

ብርሃኑ ከተስተካከለ በኋላ የገጾቹ ተራ ይደርሳል። ገጽን ለመግለጽ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ቀለሙ፣ ለስላሳነቱ ወይም ሻካራነቱ፣ እንዲሁም ወጣ ገባነቱ። ሦስቱም በየራሳቸው ሥዕል ይለጠፋሉ፤ ነገር ግን የሚነበቡበት መንገድ አንድ አይደለም። የቀለም ፎቶግራፍ ለዓይን እንዲስማማ ሆኖ የተመዘገበ ነው። በ0 እና በ255 መካከል ያለው 128 ቁጥር የብርሃኑን ግማሽ ሳይሆን 22 በመቶ ያህሉን ይወክላል። የሻካራነት ሥዕል ግን ቁጥሩ እንዳለ የሚወሰድ መለኪያ ነው። ሁለቱ ሲምታቱ እርጥብ የሚመስል ልስን፣ ደረቅ የሚመስል ሴራሚክ ይወጣል።

የፍሬኔል ሕግ ደግሞ በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ በግልጽ ይታያል። አንድ ሰው ቆሞ እግሩ ሥር ያለውን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ቢመለከት ከሚደርስበት ብርሃን የሚያንጸባርቀው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ የሚያየው የሴራሚኩን ቀለም ነው። ዝቅ ብሎ ወደ ማዶው ጥግ አግድም ቢመለከት ግን ያው ሴራሚክ መስተዋት ሆኖ መስኮቱን ያሳየዋል። ገጹ ከየትም ቢታይ እኩል እንዲያብረቀርቅ የተደረገ እንደሆነ ሴራሚክነቱ ቀርቶ ላስቲክ ይመስላል። ክሮም ደግሞ የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያሳየው የጎረቤቶቹን መልክ ነው። ስለዚህ ቧንቧው ጠቁሮና ደብዝዞ ሲወጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የቧንቧው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ክፍል ባዶ መሆኑ ነው።

የፊት መስተዋት ከሁሉ የበለጠ ጥብቅ ምስክር ነው። በእውነተኛው መስተዋት የሚያንጸባርቀው ሽፋን ከብርጭቆው በስተ ኋላ ስለሆነ ጣት ሲነካው በጣቱና በምስሉ መካከል የብርጭቆው ውፍረት የሚፈጥረው ክፍተት ይታያል፤ በብርጭቆው ውስጥ ባለ ጥቂት ብረት ምክንያትም ጠርዙ አረንጓዴ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን መስተዋት ከሠዓሊው ጀርባ ያለውን ያሳያል። አራተኛውን ግድግዳ ሳይሠራ የተወ ሰው በመስተዋቱ ውስጥ ባዶ ሰማይ ይታይበታል። በሥውር የሰቀለው መብራትም እዚያው ይጋለጣል።

የቴክስቸር ልክም ችላ ሊባል አይገባውም። ሴራሚኩ 30 በ60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሥዕሉም ይኸው መሆን አለበት፤ ያለዚያ በሩ ያነሰ፣ ገንዳውም የገዘፈ ይመስላል። የእምነ በረድ ሥር በየሴራሚኩ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲደጋገም ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ጠርዞች ፈጽሞ ስለት አይሆኑም፤ ከሴራሚኩ ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ብትደበድብ በዚያች ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ያርፋል፤ ገጹንም ክብደት ያለው ያስመስለዋል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ከሴራሚኩ ይበልጥ ሻካራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣም ይጠቁራል። ፎጣም ብርሃንን በክሮቹ መካከል እያመላለሰ ጠርዙ ላይ ለስለስ ያለ ወገግታ ያሳያል፤ ጠፍጣፋ ጨርቅ ተደርጎ ቢሣል ግን ካርቶን ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ናቸው፤ ይሁን እንጂ እምነት የሚገነባው በጥቃቅን ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የካሜራው ነገር ይመጣል። ውጭው በቀጥታ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ሲደርስ የመታጠቢያ ቤቱ ብርሃን 200 ሉክስ ሊሆን ይችላል። ካሜራ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊይዝ ስለማይችል መስኮቱ ነጭ ሆኖ መውጣቱ ነውር የለበትም። የካሜራው ዓይን ስፋትም ተንኮል አለበት። በ36 ሚሊ ሜትር ወርድ ፊልም ላይ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 74 ዲግሪ ያህል ሲያይ፣ 16 ሚሊ ሜትር ሌንስ 97 ዲግሪ ያህል ያያል። በሁለተኛው የተሣለ የ4 ካሬ ሜትር ክፍል አዳራሽ መስሎ ይታያል፤ የእጅ መታጠቢያውም ወደ ጎን ይለጠጣል። ሌላው የስሌቱ ትዕግሥት ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየውን አሸዋ መሰል ነጠብጣብ በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ነጠብጣቡን በኋላ የሚያጠራ ፕሮግራም ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ያለ ልክ ሲጠቀሙበት የእምነ በረዱን ሥርና የመጋጠሚያውን መስመር አብሮ ያጥባል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመራል። በርካታ የከተማ መኖሪያ ቤቶች መታጠቢያ ቤታቸው መስኮት የለውም፤ ወይም ያለው መስኮት የሚከፈተው ወደ ጠባብ የአየር መተላለፊያ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል በሥዕል ሲቀርብ ግን ከማይታወቅ ወገን በሚመጣ የማለዳ ብርሃን ተጥለቅልቆ ይታያል። ሥዕሉን ያዘዘው ሰው «ጨለማ ክፍል አይሸጥም» ሊል ይችላል፤ ሠዓሊውም ተቀጣሪ ነውና ትእዛዝ ይፈጽማል። የሚጎዳው ግን በጉዳዩ ያልተጠየቀው ነዋሪ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር በጠራራ ቀን ሻማ ይዞ የሚገባው እርሱ ነው። በጨለማ ወለል ላይ የሚያዳልጣቸው አረጋውያን፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ሻጋታ የሚያበቅለው ጥግ፣ ቀንም ሌትም የሚበራው አምፖል ሒሳብ፣ ሁሉም ሥዕሉ ሳይናገራቸው ያለፈ ነገሮች ናቸው።

እውነተኛው ሥዕል ግን ለነዳፊው ራሱ ወዳጅ ነው። ክፍሉ እንደሚጨልም ግድግዳው ሳይቆም ይነግረዋል። ያኔ ከበሩ በላይ መስተዋት ሊገባበት፣ የመተላለፊያው ግድግዳ ነጭ ሊቀባ፣ ሴራሚኩ ወደ ነጣ ያለ ሊለወጥ፣ ክፍሉም ወደ ውጭው ግድግዳ ሊዛወር ይችላል። ሐሰተኛ መብራት የሰቀለ ሰው ያታለለው ገዥውን ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱን ለማረም የነበረውን ዕድልም በገዛ እጁ ዘግቷል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ቀላል ልማዶች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ወሩና ሰዓቱ፣ መስኮቱ የሚመለከትበት አቅጣጫ፣ የአምፖሎቹ ሉመንና የሌንሱ ስፋት ይጻፍ፤ ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ክፍል ቢያንስ ሦስት ሥዕል ይሠራ፤ አንዱ በጥርት ያለ ቀን፣ አንዱ በክረምት ደመና፣ አንዱ ደግሞ በሌሊት በአምፖል ብቻ። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ከዚያው ሥፍራ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከሥዕሉ አጠገብ በቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። የኮርኔል ሰዎች ሣጥናቸውን የፈተኑበት መንገድ ይህ ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤትም የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚታየው ልዩነት ለወጣቱ ባለሙያ ከመጽሐፍ የማያገኘው ትምህርት ይሆነዋል። ልዩነቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ በሄደ መጠን ሥዕሉ የሚናገረው ቃል ይታመናል፤ ቤቱን ገና ያላየው ሰውም ያለ ፍርሃት ሊፈርምበት ይችላል።